11 ስቶን ከ6 ስንት ኪሎ ነው? ከቱሉ ዲምቱ የተነሳ አንድ ጥያቄና 20 ምላሾቹ

ሰሞኑን የሰፈራችን የውይይት መድረክ ላይ ከተከፈቱት ክሮች (በአንድ ጥያቄ ሥር የሚከታተሉ መልእክቶች) ሁሉ የረዘመው የክብደት መለኪያ ጉዳይ ነው። ሲጀመር የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እያደር ግን ከቡና እስከ ሕፃን ሽሮፕ፣ ከጂም ብረት እስከ ጎማ አየር ደረሰ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ የተባለውን በየተራው ላውጋችሁ። የተሳሳተውን ስሕተት ነው እላለሁ፤ ከተጻፉት ስሕተቶች አንዱ ሕፃን ልጅ ሊጎዳ የሚችል ነውና።

ጠያቂዋ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ናት። ከእንግሊዝ አገር የመጣ የሰው ሚዛን አለ። ሲወጡበት መስኮቱ ላይ 11 ይላል፣ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፣ ከዚያ 6 ያሳያል። ስቶን የሚባለው የእንግሊዞች የክብደት መለኪያ 6 ኪሎ ነው መባሉን ሰምታ 11.6ን በ6 አባዛች፤ 69.6 ኪሎ መጣ። በዚያው ቀን የክሊኒኩ ሚዛን ግን 72.5 አለ። ከሁለቱ የተበላሸው የትኛው ነው? ጥያቄው ይኼ ነበር።

ምላሽ 1 በጣም ትሑት ነበር። ጸሐፊው ስቶን 6 ሳይሆን 6.35 ኪሎ መሆኑን አስረድቶ 11.6ን በ6.35 አባዛና 73.66 አገኘ። ከዚያ ተነስቶ የክሊኒኩ ሚዛን ከአንድ ኪሎ በላይ ያጎድላል ወደሚለው ደረሰ። ብዙ ሰው አመሰገነው። የስቶኑ ልክ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። ከሁለት ስሕተቶች አንዱን ብቻ ቢያርሙ ወደ እውነቱ አይደረስም፤ በሌላ በኩል አልፎ ይኬዳል።

ያረመው ምላሽ 2 ነው፤ ለእኔ የክሩ ሁሉ ዋና ምላሽም እሱ ነው። ከክፍተቱ በኋላ የመጣው 6 ከዐሥር ስድስት ማለት አይደለም፤ ስድስት ፓውንድ ነው። አንድ ስቶን 14 ፓውንድ አለው። ስለዚህ 11 በ14 ሲባዛ 154፣ 6 ሲደመርበት 160 ፓውንድ። 160 በ0.45359237 ሲባዛ 72.57 ኪሎ። የክሊኒኩ 72.5ም ልክ ነው፣ የቤቱም ልክ ነው። የቀረችው 70 ግራም ሚዛኖቹ ቁጥር ሲያጠጋጉ የምትጠፋ ናት። የተበላሸው ሒሳቡ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ 2.3 ሰዓት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ ደቂቃው ከ60 ነውና። ስቶንም እንደዚያው ነው፤ ትርፉ ከ14 ነው። 11 ስቶን ተኩል ማለት 11 ከ7 እንጂ 11 ከ5 አይደለም። ይባስ ብሎ 11 ከ13 የሚባል ንባብ አለ። እሱን 11.13 ብሎ የጻፈ ሰው ከ11.6 ያነሰ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን በ7 ፓውንድ፣ ማለትም በ3 ኪሎ ከ175 ግራም ይበልጣል። ክብደቱን በየሳምንቱ ለሚከታተል የስኳር ወይም የልብ ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጨመረ የተባለው ቀንሶ፣ ቀነሰ የተባለው ጨምሮ ይገኛል። ስቶንን በነጥብ የሚያሳዩ ሚዛኖችም ስላሉ የራሳችሁን መፈተን ይገባል። ሚዛኑ ላይ ቆማችሁ አንድ ባለ 2 ሊትር ውኃ አንሱ፤ 4 ፓውንድ ተኩል ያህል ይጨምራል። የኋላኛው ቁጥር ከ6 ወደ 10 ወይም 11 ከሄደ ፓውንድ ነው። ከ6 ወደ 9 ብቻ ከሄደ የስቶን ዐሥርዮሽ ነው።

ምላሽ 3 ልኬቱ ከየት እንደመጣ ዘረዘረ። 0.45359237 ተጠጋግቶ የተወሰደ አይደለም፤ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድና ደቡብ አፍሪካ በ1959 የተስማሙበት ፍጹም ልክ ነው። ሚዛን ላይ ኤል እና ቢ ተብሎ የሚጻፈው ምልክት ሊብራ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ስቶን በብሪታንያ የንግድ መለኪያነቱ በ1985ቱ የሚዛንና መለኪያ ሕግ ቀርቷል፤ የሰው ክብደት ሲነሳ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው።) አሜሪካኖች ስቶን አይጠቀሙም። እንግሊዝ ያለው ዘመድ 11 ስቶን ከ6 የሚለውን አሜሪካ ያለው 160 ይለዋል፤ ሰውየው ግን ያው ነው።

ምላሽ 4 ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን አስፈለገ፣ ፓውንዱን ለሁለት ከፍሎ መገላገል ነው የሚል አሳብ ሰነዘረ። ምላሽ 5 አሳቡን ሳይጥል አቃናው። ለሁለት ከከፈሉ በኋላ ከግማሹ ላይ አንድ ዐሥረኛ መቀነስ ያስፈልጋል። 160 ግማሹ 80፣ ከ80 ላይ 8 ሲነሳ 72። ከእውነተኛው ልክ የሚጎድለው ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። ከኪሎ ወደ ፓውንድ ሲኬድ ደግሞ እጥፍ አድርጎ አንድ ዐሥረኛ መጨመር ነው፤ 72.6 እጥፉ 145.2፣ 14.5 ሲታከልበት 159.7። በዚያው መንገድ የሻንጣን ነገር አነሳ፦ 23 ኪሎ 50.7 ፓውንድ ነው፣ 32 ኪሎ ደግሞ 70.5። አሜሪካ ሆኖ በፓውንድ የሚመዝን ዘመድ 46 ላይ ካቆመ፣ ማለትም 23ን እጥፍ ብቻ ካደረገ፣ ከሁለት ኪሎ በላይ የተፈቀደለትን ሳይጭን ይቀራል።

ምላሽ 6 በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ለሚሠሩ የተጻፈ ነው፤ አጭር ቢሆንም ወርቅ ነው። ኪሎን ወደ ስቶን የሚመልስ ቀመር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ስቶኑን ያወጣል፣ ቀጥሎ ትርፉን ፓውንድ ያጠጋጋል። 76.2 ኪሎ 167.99 ፓውንድ ነው። በዚያ መንገድ ሲሄዱ 11 ስቶን ከ13.99 ይመጣና ሲጠጋጋ 11 ስቶን ከ14 ተብሎ ይታተማል። እንዲህ የሚባል ክብደት የለም፤ 12 ስቶን ነው። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ ጠቅላላውን ወደ ሙሉ ፓውንድ ማጠጋጋት፣ ቀጥሎ ለ14 ማካፈል፣ በመጨረሻ ቀሪውን መውሰድ።

ክሩ የጋለው ከዚህ በኋላ ነው። ምላሽ 7 ለንደን ላይ የተስተካከለ ሚዛን አዲስ አበባ ሲመጣ ክብደት ያጎድላል የሚል ጻፈ። ምላሽ 8 ይህን ተረት ተረት ነው በሚል መንፈስ አጣጣለው፤ ኪሎ ለንደንም ሰበታም ኪሎ ነው፣ ሰውን አታሳስቱ የሚል ቁጣ ነበረበት። ምላሽ 9 ሁለቱንም አስታረቀ፤ ግን ከምላሽ 8 ጋር ጨዋ አልነበረም፣ ሳያነቡ መቆጣትን ነቅፏል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቁሱ አይለወጥም። ባለ ሞላ ሚዛንና የተለመደው ዲጂታል ሚዛን የሚለኩት ግን ሚዛኑ ላይ የሚያርፈውን ጫና ነው፤ ጫናው በመሬት ስበት ይወሰናል። እኛ ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቅን፣ ከባሕር ወለል ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያልን በመሆናችን ስበቱ ከለንደኑ በ0.4 በመቶ ያህል ያንሳል። ለንደን ላይ 80 ኪሎ እንዲያነብ የተስተካከለ ሚዛን እዚህ 79.7 ያነባል። በዘንጉ ላይ ክብደት እየተገፋ የሚመዝነው፣ በጤና ጣቢያዎች የምናየው ዓይነት፣ ይህ አይነካውም፤ ክብደትን ከክብደት ጋር ስለሚያስተያይ ስበቱ ሁለቱንም እኩል ይቀንሳቸዋል።

ምላሽ 9 በዚህ አላበቃም። ለቤት ሚዛን ከስበቱ ይልቅ የሚያሳስተው ወለሉ መሆኑን አስከተለ። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን እግሮቹ ይሰምጣሉ፣ ንባቡም አይታመንም፤ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ላይ ማኖር ነው። ለመፈተሽ ደግሞ ከሱቅ ያልተከፈቱ 6 ባለ 2 ሊትር ውኃዎችን አንድ ላይ መጫን ይበቃል፤ ውኃው 12 ኪሎ፣ ፕላስቲኩ ጥቂት መቶ ግራም ነው። ሚዛኑ በፓውንድ ከሆነ 27 አካባቢ፣ በስቶን ከሆነ 1 ስቶን ከ13 አካባቢ ማለት አለበት። 20 ሊትር የሚባለውን ቢጫ ጀሪካን ለዚህ እንዳትጠቀሙ አደራ ብሏል፤ እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛልና። እኔም እስማማለሁ።

ምላሽ 10 ወሬውን ወደ ቡና ወሰደው። ከርዕሱ ወጣ ተብሎ ነበር፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የላቀ ትምህርት እዚህ አለ። የኒው ዮርክ ገበያ ዋጋ የሚጠራው በአንድ ፓውንድ ስንት ሳንቲም ተብሎ ነው። የእኛ ቡና የሚጠራው በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ፣ 17 ኪሎ ደግሞ 37.48 ፓውንድ። ለምሳሌ ፓውንዱ 2 ዶላር ቢሆን ፈረሱላው 74.96 ዶላር ይመጣል። ምላሽ 4 እንዳለው ፓውንድን ግማሽ ኪሎ ያደረገ ሰው ግን ፈረሱላን 34 ፓውንድ ያደርግና 68 ዶላር ላይ ይቆማል። በአንድ ፈረሱላ ወደ 7 ዶላር ጎደለ ማለት ነው፤ በመቶ ፈረሱላ 700 ገደማ። የኒው ዮርኩ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ ወደ ኪሎ ሲመለስ 17,010 ያህል ስለሚሆን አንድ ሺህ ፈረሱላ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ልብ ያለ ሰው ዋጋ ሲሰማ በጭንቅላቱ መመዘን አይከብደውም። ባለ 60 ኪሎው የውጭ ገበያ ጆንያ ደግሞ 132.28 ፓውንድ ነው።

ምላሽ 11 ኩንታልን ከእንግሊዞቹ ሀንድረድዌይት ጋር አንድ ለማድረግ ሞከረ፤ አይሆንም። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የእንግሊዙ 8 ስቶን ወይም 112 ፓውንድ፣ ማለትም 50.8 ኪሎ፤ የአሜሪካው 100 ፓውንድ፣ ማለትም 45.36 ኪሎ ነው። ያገለገለ ወፍጮ ወይም ማንሻ ሲገዛ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ኩንታል ነው ብሎ ያነበበ ሰው የአቅሙን እጥፍ ያህል ይጭንበታል። ቶኑም እንዲሁ ሦስት ዓይነት ነው፦ የእኛው 1,000 ኪሎ፣ የእንግሊዝ የድሮው 2,240 ፓውንድ ወይም 1,016 ኪሎ፣ የአሜሪካው 2,000 ፓውንድ ወይም 907 ኪሎ።

ምላሽ 12 ወቄትና አውንስ አንድ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ምላሽ 13 መለሰለት። ወቄት የሚያያዘው ከማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ጋር ነው፤ ብሩ 28.07 ግራም ይመዝናል። የተለመደው አውንስ የፓውንድ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ሆኖ 28.35 ግራም ነው። ተቀራረቡ እንጂ አንድ አይደሉም። በዓለም ገበያ ወርቅ የሚጠራበት አውንስ ደግሞ ሌላ ነው፤ ትሮይ ይባላል፣ 31.1 ግራም ይመዝናል። የወርቅን ዋጋ ሰምቶ ለ28 ያካፈለ ሰው ግራሙን ከእውነተኛው 11 በመቶ አስወድዶ ይገምታል።

ምላሽ 14 የጂም አሠልጣኝ ነው፤ አጻጻፉ ትእዛዝ ይመስላል፣ ግን ያስኬደዋል። በየሰፈሩ በተከፈቱት ጂሞች የኪሎና የፓውንድ ብረት ተደባልቆ ይቀመጣል። ባለ 45 ፓውንዱ ብረት 20.4 ኪሎ ስለሆነ ከባለ 20 ኪሎው ጋር ቢቀላቀል ብዙ ጉዳት የለውም። አደጋው 25 የተጻፈበት ነው። 25 ፓውንድ 11.3 ኪሎ ብቻ ነው። በአንድ በኩል 25 ኪሎ፣ በሌላው 25 ፓውንድ የገባበት ዘንግ በ13.7 ኪሎ ያጋድላል፤ ማቆሚያው ላይ እያለ ዝም ሊል ይችላል፣ ሲነሳ ግን ወደ አንድ ወገን ይገለበጣል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ አጠገብ የተቀረጸውን ፊደል ማንበብ፣ ፊደሉ በቀለም ከተሸፈነ ሚዛን ላይ ማውጣት፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ምላሽ 15 ጎሚስታ ቤት የሚባለው ፓውንድ ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠየቀ። ምላሽ 16 ባጭሩ ቋጨው፦ የጎማው ፓውንድ ክብደት አይደለም፤ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ግፊት ነው፣ ፒኤስአይ ይባላል። 32 ፒኤስአይ 2.2 ባር ነው፤ ወደ ኪሎ በ0.4536 ማባዛት ትርጉም የለውም። ከዚያ ክሩ ወደ ርዕሱ እንዲመለስ ቆጣ ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው፤ በመካከሉ ስለ ጎማ ዋጋ የተጻፉ ሦስት መልእክቶች በአወያዩ ተነስተዋል።

ምላሽ 17 ለልጁ ክብደት 22 ተብሎ ተጽፎ ያገኘ ወላጅ የፓራሲታሞል ሽሮፕ መጠን በቤቱ እንዴት እንደሚያሰላ የሚያስረዳ ነበር። ቀመሩ ልክ ነው፤ ለአንድ ጊዜ በአንድ ኪሎ እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል። ነገር ግን 22ቱ ኪሎ ይሁን ፓውንድ ሳይጠይቅ አለፈው። ምላሽ 18 የነርስ ነው፤ ከክሩ ሁሉ የከረረው ቃልም የእሷ ነው። አልፈርድባትም። 22 ፓውንድ 10 ኪሎ ነው፤ ለ10 ኪሎ ልጅ 150 ሚሊግራም ይበቃል፣ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 6 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። 22ቱን ኪሎ አድርጎ ያሰላ ግን 330 ሚሊግራም፣ ወደ 14 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ከእጥፍ በላይ ነው፤ በቀን ውስጥ ከተደጋገመ ጉበት ይጎዳል። በቤት ሚዛን ንባብ ብቻ መድኃኒት እንዳይሰላ፣ ልጁ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ በኪሎ እንዲመዘን፣ ፋርማሲም ሲኬድ ቁጥሩ ከነኪሎው እንዲነገር አሳሰበች።

እግረ መንገዷን ውጭ አገር የተወለዱ ሕፃናትን ክብደት ጠቀሰች። 7 ፓውንድ ከ8 አውንስ ተብሎ የሚመጣው 7.8 ፓውንድ አይደለም። ፓውንድ 16 አውንስ ስላለው 7 ተኩል ነው፤ 3.4 ኪሎ። 7.8 ቢባል 3.54 ይሆናል፣ 140 ግራም በሌለበት ይጨመራል። በአራስ ላይ 140 ግራም የብዙ ቀን ጡት ውጤት ነው፤ ካርዱ ላይ እንዲህ ከተጻፈ በኋላ የሚመዝነው ባለሙያ ሕፃኑ ከሳ ብሎ በከንቱ ይጨነቃል። ዝቅተኛ የውልደት ክብደት የሚባለው ወሰን 2.5 ኪሎ በእነሱ ቋንቋ 5 ፓውንድ ከ8 አውንስ ገደማ ነው። ይህን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡት።

ምላሽ 19 አሃድ ሳይጠይቁ ቁጥር መውሰድ ባለሙያንም እንደሚጥል በአንድ የታወቀ አደጋ አስረዳ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን የሚበር ቦይንግ 767 የሚያስፈልገው ነዳጅ 22,300 ኪሎ ነበር። አውሮፕላኑ በኪሎ የሚሠራ አዲስ ዓይነት ነው፤ ሊትሩን ወደ ክብደት የለወጡት ግን በ0.8 ኪሎ ፈንታ በ1.77 ፓውንድ አባዝተው ነው። ስለዚህ ታንከሩ ውስጥ የነበረው 22,300 ፓውንድ፣ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያነሰ ሆነ። ነዳጁ በአየር ላይ አለቀ፤ አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳረፉት፣ የሞተ ሰው አልነበረም። ስሌቱን ከአንድ ሰው በላይ አይቶት ነበር፤ ሁሉም ማባዛቱን እንጂ ከማባዣው አጠገብ መጻፍ የነበረበትን አሃድ አልፈተሸም።

ጠያቂዋ ተመልሳ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ምላሽ 2ን አመስግና ሚዛኑን ጭራሽ ወደ ኪሎ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ምላሽ 20 ይቻላል አለ። ዲጂታል ሚዛን ከሆነ ገልብጦ ባትሪው ቤት አጠገብ ማየት ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች። መስኮቱ በርቶ ሳለ አንድ ጊዜ ሲጫኗት ከስቶን ወደ ኪሎ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ፓውንድ ይዞራል። ቁልፏ በአንዳንዱ ባትሪው ራሱ ከሚገባበት ሥር ስለምትሆን ክዳኑን ማውለቅ ያስፈልጋል። ባለ ሞላና ባለ ቀስት ከሆነ መቀየር አይቻልም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀለበት አለው፣ በአንደኛው ስቶን በሌላኛው ኪሎ ተጽፎ። በስቶኑ ቀለበት ላይ ከ11 እስከ 12 ያሉትን ክፍተቶች መቁጠር ነው፤ 14 ከሆኑ እያንዳንዷ 1 ፓውንድ፣ 7 ከሆኑ እያንዳንዷ 2 ፓውንድ ናት። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ሚዛኑ ወደ ስቶን ሊመለስ ስለሚችል፣ ከመቆም በፊት መስኮቱ ጥግ ላይ ያለችውን ፊደል ማየት ያስፈልጋል።

ቁልፏ ባትሪው ሥር ተገኘች። ሚዛኑ አሁን 72.6 ይላል።